ቀርከሃው የሳሳ ዓመት

እስካለፈው መጋቢት ድረስ እኔ ሌባ ያባረርኩ ሰው ነበርኩ። በዕድሜዬ የሠራሁት ጀብዱ ያ ብቻ ስለሆነ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፤ ሃይስኩል ሳለሁም ለእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ጽፌው ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሌባዋ ጸዳለ ትባላለች። ምን ፈልጋ እንደመጣች አሁን አውቄያለሁ። ግን መጀመሪያ ያኔ የነበርኩት ልጅ እንዳየው ላውራው።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መውጫ የሌለው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር በቀርከሃ ታጥሮ ነበር፤ ከኛ በፊት የነበሩት ፈረንጆች ለግርዶሽ የተከሉት ነው። አባዬ ብርሃኔ እንጅባራ ተወልዶ ያደገ፣ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ እያየ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ቤቱን ሊያይ የመጣ ዕለት ኪችን ሳያይ፣ ቤዝመንት ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣና አንዱን ግንድ በጣቱ አንኳኩቶ፣ «ስመኝ፣ በቃ ይሄ ቤት የኛ ነው» አለ አሉ። እማዬም፣ «ሰው ቤት የሚገዛው አጥር ወዶ ነው እንዴ?» ብላ ስቃበታለች።

እኔ ጓደኛ አልነበረኝም፤ ቀርከሃ ነበረኝ። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስወርድ ቦርሳዬን በረንዳ ላይ ጥዬ እገባበታለሁ። ውስጡ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲመጣ ግንዶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ኳ፣ ኳ ይላሉ፤ ቅጠሉ ደግሞ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚጸልይ ይመስላል። በጀርባዬ ተኝቼ ብቻዬን አወራለሁ፤ እዘፍናለሁ፤ የሰንበት ትምህርት ጥቅሴን ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። የሚሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባዬ ስለ ቀርከሃ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። «አገር ቤት ክረምት ሲገባ ነው የሚያበቅለው» ይለኛል። «የዚህ አገሩ ግን ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ሚያዝያ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምነውም ለዓመቱ አይወጣም። ታዲያ ልብ በል፤ የዘንድሮው ቡቃያ የዓምናው ዝናብ ነው። ዓምና ከጠጣ ዘንድሮ ይወፍራል። ዓምና ከተጠማ ዘንድሮ ይቀጥናል።»

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሰማዩ ጨከነ። ዝናብ እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ዓመት ግን ከበጋው አጋማሽ እስከ ቅጠል መርገፊያ ድረስ ደመናው መጥቶ አይቶን ይሄዳል። የቀርከሃው ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። ክረምቱ በረዶ እንኳን ሳይጥል በደረቅ ብርድ አለፈ። ሚያዝያ ላይ የወጣው ቡቃያ እርሳስ አክሎ ቀረ፤ እሱም ከቁጥር አይገባ። አባዬ የሞቱትን ግንዶች በመጋዝ ቆርጦ ሲያወጣ መሃል ላይ የበር ያህል ክፍተት ተከፈተ። መጋዙን ይዞ ክፍተቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ለቀርከሃው ያዘነ ነበር የመሰለኝ።

በክፍተቱ ወዲያ ማዶ ያለው ቤት ጀርባ ታየ። ወደ ቤዝመንቱ የሚያወርድ የሲሚንቶ ደረጃ ነበር። ደረጃው ላይ አንዲት ሐበሻ ሴት ቁጭ ብላለች። ሐምራዊ ሹራብ ለብሳለች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሃል አስገብታለች። ስታየኝ ብድግ አለች። ከዚያ እንደገና ቁጭ አለች። በማግስቱም እዚያው ነበረች። ሁልጊዜ አውቶቡሱ እኔን በሚያወርድበት ሰዓት።

ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«አናገረችህ?»

«ኖ። ጀስት ታየኛለች።»

«በአማርኛ መልስ!»

«ዝም ብላ ታየኛለች።»

«አታናግራት። የታመመች ሴት ናት።» ሽንኩርቱን እንደ ያዘች ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ መኪናው ውስጥ የተኛሁ መስዬ ሰማኋቸው።

«ቃል ገብታልን የለም እንዴ?» አለ አባዬ።

«እሷ ምን አጠፋች? የከዳን ቀርከሃው ነው።»

«አንዴ የፈረምነው ነገር ነው፣ ስመኝ። ኢንተርቪውዋ ሳያልፍ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢያወራ የሷም የኛም ወረቀት ነው የሚነካው።»

«ልጁ ምን ያውቃል?»

«ልጅ ባያውቅም ያወራል።»

ወረቀት ሲባል እኔ የማውቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ፎልደር ነው። ፓስፖርታችን፣ ግሪን ካርዳችን፣ ከአገር ቤት የመጣው የልደት ሰርተፊኬቴ እዚያ ነው ያሉት፤ መንካት አይፈቀድልኝም። ነገሩ ገባኝ። ሴትየዋ የመጣችው ወረቀታችንን ልትወስድ ነው። እስካሁን የከለከላት ቀርከሃው ነበር።

የቤዝመንቱን ኪራይ የተፈራረመላት አባዬ ራሱ እንደነበር፣ አልጋዋን በዘመድ ቫን ጭኖ ያስገባላት እሱ እንደነበር ያኔ ማን ይንገረኝ?

ስሜ ነህምያ ነው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን እህት ሳራ የፈረሰውን ቅጥር በሃምሳ ሁለት ቀን ስላሠራው ነህምያ ስታስተምር ወደኔ እያየች ነበር የምትስቀው። እኔም የራሴን ቅጥር ልሠራ ተነሣሁ። በየቀኑ ከአውቶቡስ ወርጄ የውኃውን ጎማ ጎትቼ ክፍተቱ ላይ አፈሳለሁ። አፈሩ እስኪጨቀይ አጠጣለሁ፤ አፌ ደግሞ ይጸልያል፤ ጌታ ሆይ፣ ዝናብ ስጥ፣ ቅጥሩን ዝጋው።

እሷ ደረጃዋ ላይ ሆና ታየኛለች። አንድ ቀን ቀረብ አለች።

«ጎበዝ! ውኃ እያጠጣህ ነው?»

እንዳላናግራት ታዝዣለሁ፤ ግን ጎበዝ ሲባል ዝም ማለት አልችልም። «አዎ» አልኩ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ነገም ትመጣለህ?»

«እስኪያድግ ድረስ እመጣለሁ።»

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። «እሰይ የኔ ጌታ» አለች። «ብቻ አይቸኩል።»

ሌባ ምን ያህል ሞኝ እንደሚሆን ገረመኝ። የምዘጋው እሷን መሆኑን አላወቀችም።

ሃምሳ ሁለተኛው ቀን ሳይደርስ ዝናቡ መጣ። ደግሞ አመጣጡ! እናቶች ቸርች ውስጥ ሲጨዋወቱ «ይሄ የማየ አይኅ ታናሽ ወንድም ነው» እስኪሉ ድረስ። አንዱ ማዕበል ሳይደርቅ ሌላው ይመጣል። መንገዳችን ወንዝ ሆነ፤ ቤዝመንታችን ውኃ ገብቶ ምንጣፉን አውጥተን ጣልን። ፓስተራችን ቤታቸው ውኃ ለገባባቸው ወገኖች ሲያጸልዩ፣ እኔ ብቻ ዓይኔን ጨፍኜ አመሰግን ነበር። ዝናብ በኔ ልመና የዘነበ መስሎኝ ነበር። ከዓመት ዓመት የሚቃወሰው ሰማይ ለአንድ ልጅ ጸሎት ግድ እንደማይሰጠው አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን የሰማዩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አባዬ እውነቱን ነበር፤ ዝናቡ ለሚያዝያ ቆጥቦ አስቀመጠው። በቀጣዩ ጸደይ ቡቃያው መሬቱን ሰንጥቆ ወጣ፤ የአባዬን ክንድ ያክላል፤ ቅርፊቱ ፀጉራም፣ ጫፉ እንደ ቀንድ የሾለ። ማታ ጉልበቴ ጋ የነበረው ጠዋት ወገቤ ይደርሳል። ጓሮው በሙሉ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ክፍተት በቀር። እዚያ በየጠዋቱ የተሰበረ ጉቶ ብቻ ነው የማገኘው፤ ላዩ ላይ ደረቅ ቅጠል ተነስንሶበታል።

«አጋዘን ነው የሚበላው» አለ አባዬ፣ ሳያየኝ።

አጋዘን በልቶ ሲያበቃ በቅጠል ይሸፍናል?

ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ሳምንት ሌባውን ልይዝ ተነሣሁ። ፀሐይ ገና ከጎረቤት ጣሪያ ብቅ ስትል የውኃውን ጎማ ይዤ ከቀርከሃው ጥግ ተቀመጥኩ። ሳሩ ቀዝቅዞ ሱሪዬን አራሰው። ብዙም ሳይቆይ የደረጃው በር ተከፈተ።

ሐምራዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጣች። ክፍተቱ ላይ ተንበረከከች። አንዱን ቡቃያ በሁለት እጇ ከሥሩ ያዘችና ገፋችው። ቋ! አለ። ከጎኗ አጋደመችው። ሁለተኛውን። ቋ! ሦስተኛው ወፍራም ነበር፤ በትከሻዋ ተደገፈችው፤ ከአፏ የሲቃ የመሰለ ድምፅ ወጣ። እጇ በቀርከሃው ፀጉር ደምቷል።

አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቅጥር ነው! ጎማውን አዞርኩና ውኃውን ፊቷ ላይ ለቀቅኩት።

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። «ሌባ! ሌባ!»

ትሸሻለች ብዬ ነበር። አልሸሸችም። እንደተንበረከከች ዓይኗን ጨፍና ተቀበለችው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ውኃው ከፀጉሯ፣ ከአገጯ፣ ከሹራቧ ይወርዳል፤ እሷ ግን ፊቷን እንኳን አላዞረችም። ያን ጊዜ ደፋር መሰለችኝ። ካወቅኩ ወዲህ ያንን ፊት ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም።

እማዬ ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ ተመልሳ መድረሷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ወጣች። ጎማውን ከእጄ ነጥቃ ወረወረችው። እልል ትልልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቡናማ ጃኬቷን አውልቃ የሌባዋን ትከሻ ሸፈነች።

«ጸዳለ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ምን ነካሽ?»

«ቁመቱን ብቻ ነው የማየው፣ ስሙዬ። ሌላ ምን አደረግኩ? ቁመቱን ብቻ።»

«ቃልሽስ?»

«ድርቁ ነው ከፍቶ ያሳየኝ። አንዴ ካየሁ በኋላ እንዴት ልመለስ?»

«ሰው ይሰማል። ተነሺ። እባክሽ ተነሺ።»

ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። እኔ የቀርከሃው ቁመት እንዴት እንደሚያስለቅስ ገርሞኝ ቆሜያለሁ።

ከዚያ የባሰውን የሠራሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የልጆች እሑድ ነበር። በኛ ቸርች በዚያ ቀን ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው ጌታ ያደረገላቸውን ይመሰክራሉ። እህት ሳራ «ማነው ምስክርነት ያለው?» ስትል እጄን አወጣሁ። ማይኩን ያዝኩና ተናገርኩ፤ ቅጥራችን ፈርሶ ነበር፤ ሌባ በፈረሰው በኩል ታየን ነበር፤ ጸለይኩ፤ ጌታ ዝናብ ሰጠ፤ ቅጥሩም በቀለ፤ ሌባዋንም በውኃ አባረርኳት።

«አሜን!» አለ ጉባኤው። እናቶች እልል አሉ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ተባረክ፣ አንተ የጌታ ወታደር!» አሉኝ።

ያኔ አየኋት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ የእማዬን ቡናማ ጃኬት ለብሳ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ወደኔ እያየ ያጨበጭባል። እሷም ታጨበጭባለች። ከንፈሯ «አሜን» ሲል አየሁት። እማዬ ግን ከአጠገቧ ተነሥታ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

በዚያው ሳምንት የማዶው ቤዝመንት ባዶ ሆነ። «ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ሄደች» ሲባል ሰማሁ። ቡቃያው የሚሰብረው ሲያጣ በአሥር ቀን ከኔ በላይ ሆነ። ክፍተቱ ተዘጋ። እኔም ለዓመታት በዚያ ድል ኮርቼ ኖርኩ።

እንግዲህ ያለፈው መጋቢት። እማዬ ቅዳሜ ጠዋት፣ «አሌክሳንድሪያ አንዲት እህት የዜግነት ፎርም የሚሞላላት ትፈልጋለች» አለችኝ። አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛ እዚህ ያደግን ልጆች የቸርቹ ጸሐፊዎች ነን፤ የስንቱን ወረቀት ሞልተናል። እሷ ራሷ ነዳችልኝ። ድልድዩን ተሻግረን ቨርጂንያ ገባን። የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን አጠፋች።

«አትወርጂም?»

«እዚሁ እጠብቅሃለሁ» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «የምትልህን ሁሉ ጻፍላት። ለኔ ብለህ አንድም ነገር እንዳትቀንስ።»

በሩን የከፈተችው ጸዳለ ነበረች። ወዲያው አወቅኳት። ጠጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ሰውነቷ አንሷል ወይም እኔ ረዝሜያለሁ። እግሬ ሥር የምገባበት ጉድጓድ ፈለግኩ።

«እኔ… ያኔ ውኃውን…» አልኩ። «ልጅ ነበርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንቺ በለኝ» አለች። ቀና ብላ ከጫማዬ እስከ ግንባሬ አየችኝ፤ ለመለካት የመጣች ይመስል። «ግባ። ሻይ አለ።»

ጠረጴዛው ላይ ፎርሙን ዘረጋሁ። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ። እየተዝናናሁ ሄድኩ። ከዚያ የልጆች ክፍል ደረሰ።

«ስንት ልጆች አሉሽ?»

ሻዩን አስቀመጠች። «የዛሬ ስምንት ዓመት የጥገኝነት ወረቀት፣ አሳይለም፣ ስጠይቅ የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ሁለተኛ አልዋሽም። አንድ በል።»

«አንድ። ስም?»

«ይድነቃቸው።»

ጻፍኩ። «የተወለደበት ቀን?»

«በሚሌኒየሙ ዓመት፣ የካቲት አሥራ አንድ። ማክሰኞ፣ ሲነጋጋ።»

በስልኬ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገለበጥኩት። ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ። ሳቄ መጣ። «የሚገርም ነው እኮ! እኔም በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ዓመት ነው የተወለድኩት።»

አልሳቀችም።

«አሁን የሚኖርበት አድራሻ?» አልኩ፣ ወደ ፎርሙ ተመልሼ።

የቤታችንን ቁጥር ነገረችኝ። የመንገዳችንን ስም። ሲልቨር ስፕሪንግን። ዚፕ ኮዱን ሳይቀር፣ እንደ ጸሎት በቃሏ።

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ወንበሩ፣ ሻዩ፣ መስኮቱ ሁሉም በየቦታው ነበሩ፤ እኔ ብቻ ቦታ አጣሁ።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ስመኝ ታላቅ እህቷ ናት። ዲቪው ለስመኝ ሲደርሳት ጸዳለ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ የልጁ አባት አንድ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ልጅ ያልወለደችው ስመኝ፣ «በኔ ስም ይሂድ፤ እዚያ ሰው ይሁን» አለች። የልደት ሰርተፊኬት ላይ ሌላ እናት፣ ሌላ ስም ተጻፈ። እሷ ከስምንት ዓመት በኋላ ስትደርስ ልጇን እንድትጠጋ አልተፈቀደም፤ የአሳይለሙ ፎርም ገና ነው፣ ልጁ ያወራል ተባለ። በስንት ልመና አንድ ነገር ተፈቀደላት፤ ከቀርከሃው ማዶ እንድትከራይ። እንዳትታይ፣ ግን ድምፁን እንድትሰማ።

«ስትዘፍን እሰማ ነበር» አለች። «ጥቅስህን ስትለማመድ። ለዓመት ያህል ፊትህ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ።»

እውነቱን ለመናገር የቀርከሃውን ነገር እንኳን አላሰብኩም። አእምሮዬ የሙጥኝ ያለው አንድ ሞኝ ነገር ላይ ነበር፤ ይሄ ፎርም ከገባ ሰማያዊው ፎልደር ውስጥ ያለው ሁሉ ውሸት ነው፤ እማዬ ያን ውሸት ፈርማበታለች። አሁን ታች ቁጭ ብላለች።

ጸዳለ አየችኝና ወረቀቱን በጣቷ ነካችው። «ካስፈራህ ባዶ አድርገው» አለች። «ለምጄዋለሁ።»

አድራሻውን ጻፍኩ። ቁጥሩን፣ መንገዱን፣ ከተማውን። ዝምድና የሚለው ላይ የወለደችው ልጅ የሚለውን መረጥኩ። ከዚያ ተነሣሁና ጃኬቴን ሳልይዝ በደረጃው ወረድኩ።

እማዬ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። መስኮቱን አወረደች። ዓይኗ አብጧል።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ስንት አልክ?»

«አንድ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ከባድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ጀምራ፣ «ይድነቃቸው» አለችኝ።

በዚያ ስም ተጠርቼ አላውቅም። ቢሆንም «አቤት» ያልኩት ሳላስብ ነበር።